የሁለት ደቂቃውን ቪዲዮ ፈላጭ ቆራጭ ለመሰየም የተካሄደ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ
ቦታ፦ ልብስ ስፌት ቤቱ፣ የኋላ ክፍል፣ በካውያው ጠረጴዛ ዙሪያ
የተጠራበት ሰዓት፦ 6፡30። የተጀመረበት ሰዓት፦ 7፡30

የተገኙ አባላት
1. የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ሰብሳቢ
2. የሰብሳቢዋ ባለቤት፣ ጠበቃ
3. የሰብሳቢዋ አክስት፣ ጡረተኛ መምህርት (ለቪዲዮው ከተቀረጹት 187 ክሊፖች በ61ዱ ውስጥ ይታያሉ)
4. የስፌት ቤቱ ቆራጭ፣ በቅጽል ስማቸው ጋሼ ሜትር፣ ያለ ድምፅ ታዛቢ
5. የሰብሳቢዋ ታናሽ ወንድም፣ በመዛግብት አያያዝ ባለ ዲግሪ፣ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል። ጠበቃው ስልክ ሊያናግሩ በወጡ ቁጥር መጓደሉ፣ በተመለሱ ቁጥር ደግሞ መሟላቱ ስለተመዘገበ፣ ስብሰባው በጥብቅ አነጋገር አራት ጊዜ ተጀምሯል።

የስብሰባው ምክንያት

የልብስ ዐውደ ርእዩ አዘጋጆች ተሳታፊ የሚመርጡት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይተው ነው። ቪዲዮው ዛሬ እስከ 10፡00 ሰዓት ሊደርሳቸው ይገባል። ዐምና ጸሐፊው የላከው ቪዲዮውን ሳይሆን የማቀናበሪያውን የሥራ ፋይል ስለነበር አዘጋጆቹ ሊከፍቱት አልቻሉም፤ ሰብሳቢዋም ሳትታይ ቀርታለች። ዘንድሮ እንዲሁ ከሆነ ለሦስተኛ ጊዜ እንደማትሞክር ገልጻለች። ጸሐፊው ያለፈውን ማንሳት ለመግባባት እንደማይረዳ አስተያየት ሰጥቷል። አስተያየቱ ደጋፊ አላገኘም።

አጀንዳ 1፦ ስለ ክሊፖች አደረጃጀት የቀረበ ሪፖርት

ጸሐፊው ባለፉት ሦስት ሳምንታት 34 አቃፊዎች መክፈቱን፣ ለእያንዳንዱ ክሊፕ ዐሥራ አራት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር መስጠቱን፣ መለያውን የሚያብራራ ዘጠኝ ገጽ መመሪያም ማዘጋጀቱን በዝርዝር አስረድቷል። ሰብሳቢዋ ስንት ክሊፕ እንደተቆረጠ ጠይቃለች። ጸሐፊው ጥያቄው ጊዜውን ያልጠበቀ መሆኑን መልሷል። ጥያቄው ሲደገም፣ አንድም አለመቆረጡ ታውቋል።

አክስት ቁልፍ ሲተክሉ የሚታዩበት ክሊፕ የት እንዳለ ጠይቀዋል። «ልዩ ልዩ» በሚለው አቃፊ ውስጥ ተገኝቷል። ከ187ቱ ክሊፖች 112ቱም እዚያው ተገኝተዋል።

ክሊፑ ሲከፈት ማያው ሙሉ በሙሉ ቀይ ሆኗል። ጸሐፊው ዛሬ ጠዋት ክሊፖቹን ወደ አዲሶቹ አቃፊዎች ሲያዛውር ለማቀናበሪያው ፕሮግራም አዲሱን ቦታ አላሳየም ነበር። አክስት «ቤት ለቀህ አድራሻ ካልተውክ ማን ያግኝህ፣ የኔ ልጅ?» ብለዋል። ክሊፖቹን አንድ በአንድ ፈልጎ ማገናኘት ሃምሳ ደቂቃ ወስዷል። ሪፖርቱ በአድናቆት ጸድቋል፤ አድናቆቱን ያቀረበው ጸሐፊው ነው።

አጀንዳ 2፦ ክሊፖቹን የሚከፍልና የሚቆርጥ ሰው ስለ መሰየም

ጸሐፊው ጊዜ ለመቆጠብ የመፍለጡም የመቁረጡም ሥልጣን ለአንድ ሰው እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቧል። ጠበቃው ስልካቸውን ዘግተው «ፈላጭ ቆራጭ ማለት እኮ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ተምረሃል አይደል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጸሐፊው ቃሉን የተጠቀመው በቀጥተኛ ትርጉሙ መሆኑን አስረድቷል። ጠበቃው ሁሉም ሲጀምር እንዲህ እንደሚል መልሰዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሥልጣኑ በሦስት እንዲከፈል ተወስኗል። ጸሐፊው የሚቆረጥበትን ቦታ ያመለክታል፤ አክስት የኮምፒውተሩን የመቁረጫ ቁልፍ ይጫናሉ፤ ጠበቃው ያጸድቃሉ።

ውሳኔው 8፡50 ላይ ሥራ ላይ ውሏል። የመጀመሪያው ክሊፕ አክስት ልብስ ሲተኩሱ የሚያሳይ ሲሆን፣ አክስት ቁልፉን ለመጫን ፈቃደኛ አልሆኑም። ምክንያታቸው «የመቁረጫው መስመር አንገቴ ላይ ነው ያረፈው፤ በገዛ እጄ?» የሚል ነው። ጸሐፊው መስመሩ ጊዜን እንጂ አንገትን እንደማያመለክት አስረድቷል። ጠበቃው የጥቅም ግጭት ስላለ አክስት ከዚህ ክሊፕ ራሳቸውን እንዲያገሉ ጠይቀዋል። አክስት «አንተ ፊደል ሳትቆጥር እኔ ፈተና አርም ነበር» ብለው እንዲመዘገብላቸው አሳስበዋል። ተመዝግቧል።

የመጀመሪያው ክሊፕ 9፡10 ላይ ተቆርጧል። የተቆረጠው ያለ ቦታው ነው።

በዚህ ጊዜ ሰብሳቢዋ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ወንድሜ፣ ዲግሪህን አልጠላሁም። የለመንኩህ ግን ቪዲዮ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ቀረኝ» ብላለች። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ፈትሿል።

የታዛቢው ጣልቃ ገብነት

ጋሼ ሜትር እስካሁን ሦስት ጊዜ እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ ድምፅ ስለሌላቸው አልተመዘገበም። አሁን እጃቸውን ሳያወጡ «ይሄ ነገር ከተቆረጠ በኋላ ይመለሳል?» ብለው ጠይቀዋል። ጸሐፊው ዋናው ቅጂ ሳይነካ እንደሚቀመጥ፣ በአንዲት ቁልፍም ሁሉ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ በሰፊው አብራርቷል።

ጋሼ ሜትር «ታዲያ ምን ያስፈራል?» ብለዋል። «እኔ ሠላሳ ዓመት የማይመለስ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ሐር ቆርጫለሁ። የሙሽራ ልብስ ቆርጫለሁ። ተነስ እስቲ ልጄ።»

ጸሐፊው ተነስቷል። በጥያቄያቸው መሠረት ማጫወቻውን፣ ምልክት ማድረጊያውንና መክፈያውን፣ ሦስት ቁልፎች ብቻ አሳይቷቸዋል። መመሪያውን ሲያቀርብላቸው ብርጭቆ አስቀምጠውበታል።

ጋሼ ሜትር መጀመሪያ የክሊፖቹን ትንንሽ ምስሎች በማያው ላይ እንደ ጨርቅ ዘረጓቸው። እጅና ልብስ የሚታይባቸውን ሃያ ሁለቱን ለይተው ሌላውን ተዉት። ከዚያ እያጫወቱ፣ ሳያቆሙ፣ ጠመኔ እንደሚያሰምሩ ምልክት አደረጉ። ምልክቶቹ ሲያልቁ ሁሉንም በየምልክቱ ከፈሉ፤ ደኅናውን ወደ ላይ ሳቡ፤ የተረፈውን «ብጣሽ» ብለው በአንድ አቃፊ አኖሩ። ለምን እንደማይጥሉት ሲጠየቁ «ኪስ ይወጣዋል» ብለዋል። አንዴ ተሳስተው የመመለሻዋን ቁልፍ ተጭነዋል፤ ይህን ሲያደርጉ ማንንም አላማከሩም። ሥራው ሠላሳ አንድ ደቂቃ ወስዷል።

ቪዲዮው የሰብሳቢዋ እጅ እጅጌ ሲገጥም ይጀምራል። አክስት ለአራት ሰከንድ ይታያሉ፤ ቆንጆ ሆነው መውጣታቸውን በሙሉ ድምፅ አጽድቀዋል። ሰብሳቢዋ ፋይሉን ራሷ ከፍታ ካየች በኋላ ራሷ 9፡54 ላይ ልካዋለች። 10፡02 ላይ «ደርሶናል፤ ከፍተን አይተነዋል፤ ውጤቱ ሰኞ ይነገራል» የሚል መልስ መጥቷል። ሰብሳቢዋ «ከፍተን» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አንብባለች።

የመጨረሻ ውሳኔ

በጠበቃው አርቃቂነት፣ በዛሬው ስብሰባ የጸደቀው ሁሉ፣ ማለትም የአደረጃጀት ሪፖርቱ፣ መለያ ቁጥሩ፣ ሠላሳ አራቱ አቃፊዎችና የሥልጣን ክፍፍሉ፣ ከጅምሩ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ጸሐፊውም ከኃላፊነቱ እንዲነሳ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሙሉ ድምፁ የጸሐፊውንም ይጨምራል። ለጋሼ ሜትር ድምፅ እንዲሰጣቸው ቢወሰንም፣ «ለምኔ?» ብለው ወደ መቁረጫ ጠረጴዛቸው ሄደዋል።

ስብሰባው 10፡15 ላይ አብቅቷል። ሰብሳቢዋ ስትወጣ በጸሐፊው ትከሻ ላይ አጎንብሳ አንብባ፣ «መሻርህንም ጻፍከው?» ስትል ጠይቃለች።

ተጽፏል።