ትርፍ ሰልባትዮ

እግዜር ሰውን በደርግ ጊዜ ፈጥሮት ቢሆን ኖሮ ሁለት ዓይንና ሁለት ጆሮ የሚሰጠው አይመስለኝም። አንድ አንድ ሰጥቶት የቀረውን ለቀበሌው ገቢ ያደርግ ነበር። ምክንያቱም ያኔ ከአንድ በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ያስጠይቅ ነበር። ሁለት ቤት ያለው ሰው አንዱን ተወረሰ። ይሁን፣ አዋጅ ነው፤ አዋጅ ከወጣ ምን ይባላል? ነገሩ ግን በቤት መች ቆመ? ሁለት ሬዲዮ የነበረው ጎረቤቴ አንዷን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ይከታት ጀመር። ሚስቱ ደግሞ አዲስ ጫማዋን ጭቃ ሳታስነካ ከቤት አትወጣም ነበር። እኔ ግን ምን አለኝና እፈራለሁ? የምኖረው በቀበሌ ቤት፣ የምለብሰው ግራሶ የጠጣ ቱታ። እንዲህ ብዬ ተዝናንቼ ስኖር አንድ ቀን ትርፍ ሀብት ይዘሃል ተብዬ ስብሰባ ፊት ቆምኩ። ተትረፈረፈ የተባለው ሀብቴ ምን መሰላችሁ? የናፍጣ ሰልባትዮ።

ሾፌር ላልሆናችሁ፣ ሰልባትዮ ማለት መኪና ነዳጇን የምትይዝበት ጋን ነው። ጣሊያን ሲወጣ ስሙን ትቶልን ሄደ፤ ናፍጣውን ግን ይዞት የሄደ ይመስለኛል።

መኪናዬ የተበላሹ መኪናዎችን የምትጎትት አሮጌ ናት። የሞተ መኪና በሰንሰለት አንጠልጥላ ስታነሳ የማንሻዋ ጥርስ ሲጥጥ፣ ሲጥጥ እያለ ሰፈሩን ስለሚያስለቅስ የፒያሳ ልጆች «አልቃሿ» የሚል ስም አወጡላት። የአራዳ ልጅ ስም ካወጣ ደግሞ ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ማን ያስታውሰዋል? አልቃሿ ጉልበት አላት፣ ልብ አላት፤ ጥፋቷ አንድ ነው። ሰልባትዮዋ ትንሽ ነው፣ ጥሟ ግን ትልቅ ነው። ውቤ በረሃ የሚያመሽ ሰው እንኳ እንደሷ አይጠጣም። ናፍጣ ደግሞ በኩፖን ነበር፤ የወሩ ኩፖን ካለቀ ቀጣዩን ወር መጠበቅ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ታክሲ አንጠልጥላ ፒያሳ ካለው ሲኒማ ቤት በር ላይ ናፍጣ ጨረሰችና ቀጥ አለች። ፊልም ሊያይ የተሰለፈው ሰው ፊቱን ከሲኒማው ወደ እኔ አዞረ። አንዱ ጎረምሳ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቀረብ ብሎ፣ ለአልቃሿስ ማን ያልቅስላት ጋሼ፣ ብሎ በሐዘን ጠየቀኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፣ የቆመ መኪና ሊጎትት የወጣ መኪና ራሱ ሲቆም ከዚህ የባሰ ውርደት አለ? ሐኪሙ በበሽተኛው አልጋ ላይ ተጋድሞ ተገኘ ማለት እኮ ነው።

ውርደቱን ለብቻዬ ችዬው እኖር ነበር፤ ነገሩን ያመጣው የሽኩር መኪና ነው። ሽኩር ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሱቅ ያለው የጉራጌ ልጅ ነው። ከዘመድ ከወዳጅ ተሰባስቦ በተገዛች አንዲት የጭነት መኪና ሙዝ ያስመጣል፤ መኪናዋን የሚነዳው ታናሽ ወንድሙ ነው። ይቺ መኪና ሙዝ እንደጫነች ጊቤ በረሃ ውስጥ ካምቢዮዋ ተሰበረና ቀረች። ሽኩር ወሬውን ከአውቶቡስ ሾፌር እንደሰማ በቀጥታ እኔ ጋ መጣ። ሁልጊዜ ሲያገኘኝ የማይቀልደው ቀልድ የለም፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ጋሽ አስፋው፣ እሷ እዚያ ከቀረች እኔም ሱቄን ዘግቼ አገሬ መግባቴ ነው» አለኝ። «ወንድሜ ደግሞ ጥሏት አይመጣም። ሥሯ ነው የሚተኛው።»

አሰብኩት። በአንድ ሰልባትዮ ጊቤ መድረስ እደርሳለሁ። ከዚያ ግን ያንን ዳገት የተጫነች መኪና እየጎተትኩ የምመለስበት ናፍጣ የለኝም፤ መንገድ ላይ ያለ ማደያ ደግሞ የአዲስ አበባን ኩፖን ዞር ብሎም አያየውም። ሄጄ አጠገቧ ብቆም አንድ የነበረው የሽኩር ችግር ሁለት ይሆናል። እንግዲህ ያለው መፍትሔ ሁለተኛ ሰልባትዮ ነው።

ከተጣለ መኪና ላይ የተፈታ ሰልባትዮ አገኘሁ። ገብረኪዳን የሚባል፣ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ያደገ በያጅ ጎረቤት አለኝ፤ እሱ ከጋቢናው ጀርባ ብረት በይዶ፣ ሰልባትዮውን በላሜራ ቀበቶ ጠፍሮ አሰረልኝ። ከላይኛው ወደ ታችኛው የሚወርድ ቱቦ ዘረጋና መሐሉ ላይ መክፈቻ ገጠመለት። የታችኛው ሲያልቅ መክፈቻውን ታዞራለህ፣ ናፍጣው በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ገብረኪዳን ሥራውን ጨርሶ ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ በቃ ግመል ሆነች፣ አለ። ሽኩር የቆመችውን የመኪናውን ኩፖን ሰጠኝ፣ ማደያ ተሰልፌ አዲሱን ሰልባትዮ ጢም አድርጌ ሞላሁ። ልብ በሉ፣ በኩፖን፣ ተሰልፌ፣ በጠራራ ፀሐይ። የደበቅኩት ነገር የለም። በማግስቱ ልንወጣ ነው።

በማግስቱ ከሽኩር በፊት የመጣው የአብዮት ጥበቃ ነው። መኪናዬን ሁለት ጊዜ ዞራትና ቀበሌ ትፈለጋለህ አለኝ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ይባላል። ክረምት ከበጋ ከላዩ የማይወልቅ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ የነተበ ኮት አለው። አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀኝ። ጓድ ደምሴ ንግግሩን የጀመረው ከሰፊው ሕዝብ ትግል ነው፤ ከዚያ ወደ አሻጥረኞች ወረደ፤ ከአሻጥረኞች ወደ እኔ ለመድረስ ብዙ አልፈጀበትም። የከተማው ሰው ሁሉ በአንድ ቤት ሲኖር፣ ማንኛዋም መኪና በአንድ ሰልባትዮ ስትሄድ የእኔይቱ ሁለት ያስፈለጋት ለምንድን ነው? ትርፍ ቤት እንዳለ ሁሉ ትርፍ ሰልባትዮም አለ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ መብቴ ነው፤ የተረፈው ግን የሕዝብ ነው። ይህን ሁሉ ሲናገር ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም። ከዚያም ኮቱን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ አሳየን።

«እኔን ተመልከቱ» አለ። «አንድ ኮት ነው ያለኝ። ሞተሃል? ብትሉኝ አልሞትኩም።»

ስለ ጊቤ ነገርኩት፣ ስለ ሽኩር ነገርኩት፣ መሬት ላይ ስለሚተኛው ወንድሙ ነገርኩት። አልሰማኝም። ከኋላ ውቤ በረሃ ጠላ የምትሸጠው እትዬ ብርቄ እጇን አወጣች። እትዬ ብርቄ እጇን ስታወጣ ሊቀመንበር ሁሉ ይጨንቀዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ሁለት ጡት ነው ያለኝ» አለች። «አንደኛውን የት ሄጄ ላስረክብ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ደምሴ ሥነ ሥርዓት፣ ሥነ ሥርዓት እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። መቼም ሳቅ አይወረስም፤ ፍርዱ ግን ተሰጠ። ጉዳዩ እስኪጠና ሰልባትዮው ታሽጎ ይቆይ ተባለ። መክፈቻውን የገጠመው ገብረኪዳን ራሱ ተጠርቶ፣ መክፈቻው እንዳይዞር ቀለበት በይዶበት ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠለጠለበት። የጓጉንቸሩን መክፈቻ ጓድ ደምሴ በቀይ ክር አስሮ ኮቱ ኪስ ከተተው። ያን ጢም ያለ ናፍጣ፣ በሽኩር ኩፖን የተገዛውን፣ ያለ ጥፋቱ አሰሩት።

አሁን እንኳ ስጽፈው ደሜ ይፈላል። ጠዋት ጠዋት ቀበሌ እሄዳለሁ፤ ጥናት ላይ ነው ይሉኛል። ምኑ ነው የሚጠናው? ቆርቆሮ እኮ ነው። ገልብጠው ቢያዩት ቆርቆሮ፣ ቢያንኳኩት ቆርቆሮ። ከማን ጋር ይመካከሩበታል? ሰልባትዮውን ቁጭ አድርገው ዓላማህ ምንድን ነው ይሉታል? ከቀበሌ ስመለስ ሽኩር ሱቁ በር ላይ ቆሞ ፊቴን ያያል፤ ፊቴን ካየ በኋላ አይጠይቀኝም። ከጊቤ የሚመጡት የአውቶቡስ ሾፌሮች ግን ወሬ አያቋርጡም። መጀመሪያ ሙዙ ቢጫ ሆኗል አሉ። ቀጥሎ ዝንጀሮ ጀምሮታል አሉ። ቀጥሎ ወንድምህ በድንጋይ ከዝንጀሮ ጋር እየተዋጋ ነው፣ ሰው ሲያናግረውም አይመልስም፣ አሉ። ሽኩር ይህን የሰማ ዕለት ሱቁን በቀን ዘጋ። የሚያሳርፍበት ያጣው እጁ አሁንም ይታየኛል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ያ የአብዮት ጥበቃ እየሮጠ መጣ። አልቃሿን በአስቸኳይ አምጣ ተባልኩ። ለካ ያን ቀን ከውጭ አገር የመጡ ትላልቅ እንግዶች በቸርችል ጎዳና ወደ ላይ ያልፋሉ። ቀበሌያችን ባንዲራ ይዞ ቴዎድሮስ አደባባይ እንዲሰለፍ ታዟል። ጓድ ደምሴ ሰልፉን ለማስተካከል ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አንድ ላንድሮቨር ተውሶ ወዲያ ወዲህ ሲል ላንድሮቨሯ መንገዱ መሐል ቀጥ ብላለች። ሰልባትዮዬ ውስጥ የቀረው ናፍጣ ለሽታ ያህል ነው ብዬ ለጥበቃው ነገርኩት። ትዕዛዝ ነው አለኝ። በትዕዛዝ የሚሄድ ሞተር ካለ እሰየው ብዬ ተነሣሁ።

አደባባዩ ላይ የማውቀው ሰው ሁሉ ባንዲራ ይዞ ተሰልፏል፤ እትዬ ብርቄ ከፊት፣ ሽኩር ከጎኗ። ላንድሮቨሯን በሰንሰለት አሰርኳት። ጓድ ደምሴ ሕዝብ ፊት ከመኪና አልወርድም ብሎ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። እኔም ማንሻውን አዞርኩት፤ ሲጥጥ፣ ሲጥጥ፤ የላንድሮቨሯ አፍንጫ ወደ ላይ ሲወጣ ሊቀመንበራችን ወደ ኋላ ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። ሰልፉ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ዳገቱን ትንሽ እንደያዝን አልቃሿ አሳላት፣ ደገማት፣ ቀጥ አለች። አንድ መኪና ዘግቶት የነበረውን መንገድ አሁን ሁለት ሆነን ዘጋነው።

ወርጄ ወደ ኋላ ሄድኩና ናፍጣ አለቀ አልኩት። ለምን ሳትሞላ መጣህ ብሎ ጮኸብኝ።

«ሞልቻለሁ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት። «የሞላሁት እዚያ ላይ ነው። የጓጉንቸሩ መክፈቻ እርስዎ ጋ ነው።»

እጁን ወደ ቀኝ ኪሱ ሰደደ። ወደ ግራው ሰደደ። የደረት ኪሱን ዳበሰ። ያን ጊዜ ነው ልብ ብዬ ያየሁት፤ ክርኑ ላይ ጣፍ የለም። ተኩሱ ያልተሰበረ፣ ቁልፎቹ የሚያበሩ ግራጫ ኮት ነው የለበሰው። ከታች በኩል የሞተር ሳይክል ጥሩምባ ተሰማ፤ እንግዶቹ እየመጡ ነው። ጓድ ደምሴ ላብ አጠመቀው።

«ሌላኛው ኮቴ ውስጥ ነው የቀረው» አለ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ልጆች አሉኝ። ዘመኑን ታውቁታላችሁ፤ ከዚህ ባነሰ ቃል ሄዶ ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ግን ጊቤ ታየኝ፣ ያ ልጅ ከዝንጀሮ ጋር ሲታገል ታየኝ፣ የሽኩር እጅ ታየኝና አፌ ቀደመኝ።

«ሁለት ኮት አለዎት እንዴ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ብርቄ ናት። ከዚያ ሳቁ ሰልፉን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። እኔ ግን የተናገርኩት ገና ያኔ ነው የገባኝ፤ የላንድሮቨሯን በር ይዤ ቆምኩ። ጓድ ደምሴ ቁልቁል መንገዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮቱን አየ። በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ ስበረው፣ አለኝ።

መዶሻ ከጋቢናው አውጥቼ ጓጉንቸሩን ስመታው የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ናፍጣው ወረደ፣ አልቃሿ ነፍስ ዘራች፣ ከመንገዱ ታጥፈን እንደወጣን እንግዶቹ ደረሱ። ሕዝቡ ባንዲራውን እያውለበለበ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። እንግዶቹም በመስኮት እጃቸውን እያወጡ ሰላም አሉት፤ እንዲህ ያለ ደስተኛ ሕዝብ አይተን አናውቅም ብለው ሳይሄዱ አይቀሩም።

ላንድሮቨሯን ጋራዥ አውርጄ፣ ሽኩር ባስቀራት ኩፖን የታችኛውን ሰልባትዮ ሞልቼ፣ ጓድ ደምሴ ሌላ ቁልፍ ሳይገዛ ሽኩርን ጭኜ ወደ ጊቤ ነካሁት። ሙዙን ዝንጀሮዎቹ ያለ አዋጅ ወርሰውታል። መኪናዋ ግን አለች፤ ወንድምየው ጢሙ አድጎ፣ በእጁ ድንጋይ እንደያዘ ከሥሯ ወጣ። ሽኩር አቅፎት ሲያለቅስ እኔ ሰንሰለት እንደሚያጠብቅ ሰው ጎንበስ አልኩ። ዳገቱ መሐል ላይ የታችኛው ሰልባትዮ አለቀ፤ መክፈቻውን አዞርኩ፣ ናፍጣው ወረደ፣ ፒያሳ ገባን። የሽኩር ሱቅም ተከፈተ።

ሰንበት ብሎ ቀበሌ ትፈለጋለህ ተባልኩ። ሚስቴ ብርድ ልብስ አስይዛ፣ አልቅሳ ላከችኝ። ጓድ ደምሴ ያን ክርኑ የተጣፈ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል። ጥናቱ ተጠናቋል አለኝ፤ ሰልባትዮው የሥራ መሣሪያ እንጂ ትርፍ ሀብት አለመሆኑ ተረጋግጧል፣ ሂድ ሥራህን ሥራ። አመስግኜው ብርድ ልብሴን ይዤ ተመለስኩ። የኮቱን ጉዳይ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም፤ መቼም ጥናት ላይ ይሆናል።