ሪባን የታሰረለት ዌብሳይት

ሥራውን በአንድ ቃል መናገር የማይችል ሰው ሚስት ባይጠይቅ ይሻለዋል። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። እኔ እንኳ ካገባሁ ቆየሁ፤ የደረሰብኝ በሽምግልና ነው። ሙሽራው አናጢ ከሆነ አናጢ ነው ትላላችሁ፤ ሹፌር ከሆነ ሹፌር። አለቀ። የእህቴን ልጅ የሚኪያስን ሥራ ለማስረዳት ግን ስንቅ ይዞ መነሳት ያስፈልጋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ። የምኖረው ቡራዩ ነው። ሚኪያስም እኔው ጋ ነው፤ ሳሎኔ ጥግ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ሲጽፍ ሲሰርዝ ይውላል። ምን እየሠራህ ነው ስለው «ዌብሳይት» አለኝ። ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ደህና ደህና ነገር፣ የፈተና ጥያቄ በሉት፣ የከብት ሕክምና በሉት፣ ሊንኩን አምጥቶ አንድ ቦታ ያኖራል። ጓደኞቹም የየራሳቸውን ይጨምሩበታል። ስሙን «አውድማ» ብሎታል፤ ሁሉም ያጨደውን ይዞ የሚመጣበት ማለቱ ነው። ስሙን ወደድኩት። ሥራው ግን፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ በደንብ አልገባኝም።

ታዲያ ይኸው ልጅ ጫልቱ የምትባል የሱሉልታ ልጅ ወደደ። እሷም ወዳዋለች። አባቷ ኦቦ ደበላ ድርቆሽና ወተት የሚሸጡ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ ይላክ ተባለና እኔና ጎረቤቴ ኦቦ ቱሉ ሄድን። ኦቦ ቱሉን ያስከተልኳቸው የእኔ ኦሮምኛ ሰላምታ ላይ ስለሚያልቅ ነው። «አካም ጅርቱ» ካልኩ በኋላ የሚቀረኝ ፈገግታ ብቻ ነው።

እንደ ወጉ ቆመን ጠየቅን። ልጁ ምን ይሠራል አሉ ኦቦ ደበላ። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ በሚያውቁት ላስረዳቸው አልኩ። መስክ ላይ የተበተነ ሣር አለ እንበል፤ ልጃችን ሰብስቦ ይከምረዋል፣ ጎረቤትም ይጨምርበታል አልኳቸው። ኦቦ ደበላም ሣሩ የማን ነው አሉ። የሰው ነው አልኩ። የሰው ሣር ነው የሚከምረው ብለው ወደ ኦቦ ቱሉ ዞሩ። ላብ አጠመቀኝ። ኧረ ሣሩንስ አይነካም፤ ሣሩ ያለበትን ቦታ ለሰው ያሳያል እንጂ አልኩ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ዘመኑን አስታውሱ እንጂ። ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋ ማስተር ፕላን መጣ ተብሎ የከተማው ዙሪያ ሁሉ የታመሰበት ጊዜ ነው። ሰበታ ብትሄዱ ወሬው እሱ፣ ለገጣፎ ብትሄዱ እሱ። ገበሬው መሬቴ ነገ የማን ይሆን እያለ ያድራል። ያኔ ሱሉልታ ላይ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ መስክ ዳር ቆሞ በጣቱ ቦታ የሚያሳይ ሰውን ያህል የሚጠላ አልነበረም። የኦቦ ደበላ ጎረቤት እንኳ መስካቸው ታጥሮባቸው ላሞቻቸውን ሸጠዋል። እኔ ደግሞ በገዛ አፌ ቦታ ያሳያል አልኩላችሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ደላላ ነው በሉኛ» አሉ ኦቦ ደበላ።

ብንምል ብንገዘት የሚሰማን አጣን። በመጨረሻ ኦቦ ቱሉ በኦሮምኛ ብዙ ነገር ተናገሩ፤ ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኦቦ ደበላ ግን «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ሥራው የሚጀመር ዕለት መጥተው በዓይናቸው ያያሉ። ካመኑበት ልጅቱን ይሰጣሉ፣ ካላመኑበት ሁለተኛ ደጃቸውን አንረግጥም።

ሚኪያስ ዌብሳይት አይመረቅም፣ ይለቀቃል እንጂ ብሎ ሊያስተምረኝ ሞከረ። ሳይመረቅ የሚለቀቅ ከብት ነው አልኩት። ድፎ ዳቦ አስጋገርኩ። ቀይ ሪባን ገዝቼ ላፕቶፑን ዙሪያውን ጠፍሬ አሰርኩት። ልጁም ቻለው፤ ፍቅር የያዘው ሰው የማይችለው የለም።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ብወጣ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ባጃጅ የለም፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፣ ከዋናው መንገድ ጩኸት ይሰማል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ሽማግሌውን መንገድ ላይ ምን ያገኛቸው ይሆን እያልኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ደበላ ናቸው። ከአስኮ ጀምረው ዱላቸውን ይዘው በእግራቸው መጥተዋል። ምነው ቢቀርብዎ ብላቸው፣ ቀጠሮ አይደለም ወይ አሉኝ።

ውሃ ጠጡ፣ አረፍ አሉ። ኦቦ ቱሉ መረቁ። መቀስ ሰጠናቸውና ሪባኑን ቆረጡ፣ እኛም አጨበጨብን። ሚኪያስ ነካ አደረገው። ምንም የለም። ደግሞ ነካው። ነጭ ነው። የኢንተርኔቱን ዶንግል ነቅሎ በሸሚዙ ጠርጎ መልሶ ሰካው። አሁንም ነጭ። ለአንድ ወዳጄ ብደውል፣ ኢንተርኔት ከሌሊት ጀምሮ ተዘግቷል እኮ አለኝ። የልጁ ፊት አመድ መሰለ። እኔም ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ ዳቦው ላይ አፈጠጥኩ።

«አውድማው የታለ?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«አባባ፣ ተዘግቶብኝ ነው» አለ ሚኪያስ።

«ማን ዘጋብህ?»

«ከላይ ነው ይላሉ።»

ኦቦ ደበላ ነጩን ስክሪን አዩት፣ ልጁን አዩት፣ መልሰው ስክሪኑን አዩት። በቃ፣ የጫልቱ ነገር አለቀለት አልኩ በሆዴ። እሳቸው ግን ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ወደ ኦቦ ቱሉ ዞሩ።

«እኔ እስከ ዛሬ ደላላ ሲዘጋበት አይቼ አላውቅም። ለደላላ የማይከፈት በር የለም። ይሄ ልጅ ደላላ አይደለም፤ ዳቦውን ቁረሱ» አሉ።

የተዘጋው የሁሉም ሰው ነው፣ የእኛን ለይተው አይደለም ልል አፌን ስከፍት ኦቦ ቱሉ እግሬን ረገጡት። ሽማግሌ ከሁለት የማያንሰው ለካ ለዚህ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይረግጣል።

ሠርጉም ሆነ፤ እልል ተባለ፣ ተበላ ተጠጣ። ኢንተርኔቱ ዘግይቶ ተመለሰ፣ አውድማም ሥራ ጀመረ። ጫልቱ ራሷ የላም ሕክምና ሊንኮች ከመረችበት፣ የሱሉልታ ወተት ሻጮችም እየጨመሩላት ነው። ደስ ብሎኝ ለኦቦ ደበላ ደወልኩ። እንኳን ደስ አለዎት፣ የልጃችን ሥራ ተከፈተለት አልኳቸው።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«ተከፈተለት?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር።»