የአበጀ መልክ ከባሕር ዳር እስኪመጣ

ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ጉዱ ማውጣቱ ላይ ነው። የፎገራ ገበሬ ይህን ያውቃል። ለዘር የሚሆነውን ሩዝ ከሚበላው ለይቶ ሲያኖር፣ ክረምት ሲገባ እንዴት እንደሚያወጣው አስቦበት ነው። እኛ ኮምፒውተር እንነካካለን የምንል ሰዎች ግን ማስቀመጡን ብቻ ተምረን ወጣን። «መጠባበቂያ ቅጂ አላችሁ?» ሲሉን ደረታችንን ነፍተን «አለን» እንላለን። «ለመመለስስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» የሚል የለም። እናንተስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኔም አልጠየቅሁም። የምሠራው ወረታ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያይበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሠርግ የሚቀርጽ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ሙላት የስንቱን ዓመት ሠርግ በአንድ ሰርቨር አጭቀው ይዘዋል፤ ቅጂው ደግሞ በኔትወርክ እየተላከ ባሕር ዳር እህታቸው ቤት ባለ ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጣል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለሚሄድ ዝግታውን ልብ ያለው አልነበረም። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ቆየና በጉልበት ሲመለስ ሰርቨሩን አቃጠለው። ጋሽ ሙላት አልደነገጡም። «ባሕር ዳር አለልን አይደል?» አሉ።

በማግስቱ እማማ ጠጂቱ መጡ። ከርብ ወንዝ ማዶ በእግራቸው የመጡ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ባልቴት ናቸው። ልጃቸው አበጀ በሬ ሊያሻግር ገብቶ ወንዙ ወስዶታል። ሬሳው ተገኝቶ ተቀብሯል። ከኪሱ የወጣው መታወቂያ ላይ የነበረችውን ፎቶ ግን ውሃ በልቷታል፤ ሌላ ፎቶ ደግሞ ተነስቶ አያውቅም።

«የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ ሲያስተናግድ ነበር፤ እናንተ ናችሁ የቀረጻችሁት» አሉኝ። «ፊቱን አንዴ ልየው ብዬ ነው።»

«ባሕር ዳር ነው ያለው፣ እማማ። እናመጣዋለን።»

«ታዲያ መኪና ላይ አይጫንም?»

አይጫንም። መሃል መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት፣ መንገዱ ተዘግቷል። ለምን እንደተዘጋ አትጠይቁኝ፤ መቼ እንደሚከፈትም እንዲሁ። የጋሽ ሙላት እህት ደግሞ ማሽኑን ከማብራትና ከማጥፋት ሌላ አያውቁም። የቀረን የኢንተርኔት መስመሩ ብቻ ነው።

በተቃጠለው ምትክ ሌላ ኮምፒውተር አቁሜ መስመሩን ከፈትሁት። ማሽኑ የቀረውን ጊዜ ይናገራል፤ ከሰዓት የሚናገረው ጠዋት ከተናገረው ይረዝማል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶች የእኛን ኢንተርኔት አላዩም። የሠርጉ ቪዲዮ ብቻ ይምጣልኝ እንዳልል፣ ፋይሎቹ በካሜራው ቁጥር እንጂ በሙሽሮቹ ስም አልተጠሩም። ሁሉም መምጣት ነበረበት።

እማማ ጠጂቱ በየጊዜው እየመጡ ደጃፋችን ላይ ይቀመጣሉ። «ዛሬስ የት ደረሰ?» ይሉኛል፣ መንገደኛ እንደሚጠብቅ ሰው። ምን ልበላቸው? «ሐሙሲትን አልፏል» አልኋቸው አንድ ቀን። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ወዲያ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልሁም። አይጥ የላጠውን ገመድ ቀየርሁ። መስመራችንን የሚጋሩትን ጎረቤቶች ፊልም ማየቱን ለጊዜው እንዲተዉልኝ ለመንሁ። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነበር፤ ያ ሁሉ ትንንሽ ፎቶ አንድ በአንድ «ደረስህ?» «ደረስሁ» እየተባባለ ነው የሚመጣው። ሩዝ በፍሬ በፍሬ ማጓጓዝ በሉት። እዚሁ ወረታ ሆኜ፣ የባሕር ዳሩ ማሽን ብዙውን በአንድ እያሰረ፣ በጆንያ እያደረገ እንዲልክ አዘዝሁት። መስመሩ በተቆረጠ ቁጥር ከሀ መጀመሩንም ትቶ ካቆመበት እንዲቀጥል አደረግሁ። ፈጠነ። እኔ ራሴ እስክገረም ፈጠነ።

ቪዲዮው ገባ። እማማ ጠጂቱን ወንበር ስቤ ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኋቸው። ቀራጩ ሙሽራዋን ይዟል፣ ድንኳኑን ይዟል፣ ኬኩን ከላይም ከታችም ይዟል። አበጀ የለም። ሊያልቅ ሲል ከሙሽራዋ ኋላ አንድ ልጅ የጠላ ጆግ ይዞ አለፈ፤ ሰው ጠራው መሰል ዞር አለና ወጣ። በቃ።

«አለፈ?» አሉ።

«አለፈ፣ እማማ። ሌላ ቦታ ላይ የለም።»

«ቀስ ብሎ ይሂድልኛ።»

እንዲፈጥን ስታገል የከረምሁት ሰውዬ የቻልሁትን ያህል አዘገየሁት። ቢዘገይም ያው ነው፤ ዞር ባለበት ላይ ፊቱ ተስቦ ደብዝዟል። ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ብዙ ቆዩ። እንባ አላየሁባቸውም።

«ሲቸኩል ነው» አሉ። «እንዲህ ነበር፤ አይቆምም።»

ጋሽ ሙላት ያቺን ምስል በትልቁ አትመው ሰጧቸው። ስትተልቅ ይበልጥ ደበዘዘች። እማማ ጠጂቱ ወደ ብርሃን አዙረው አዩዋትና «ጠራ ያለች አትገኝም?» ብለው ጠየቁኝ። አትገኝም አልኋቸው። ከብት ሳይገባ ልድረስ ብለው፣ ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገዋት ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ተከፈተ። ጋሽ ሙላት የባሕር ዳሩን ማሽን ሚኒባስ ላይ ጭነው አመጡት፤ ያን ያህል የተንገላታሁበት ሁሉ ከምሳ በፊት ወረታ ገባ። አሁን ከየቢሮው እየመጡ እንዴት እንዳፈጠንሁት የሚጠይቁኝ አሉ። ገመዱን እዩ፣ ትንንሹን በአንድ እሰሩ፣ የተቆረጠው ካቆመበት ይቀጥል እላቸዋለሁ። ምን ሊያመጡበት እንደሆነ ግን አልጠይቃቸውም።