የሁዳዴ ብረት

እኛ ስለ ደም ብዙ እናወራለን። መልኩ ያማረውን ደመ ግቡ ብለን እናደንቃለን፤ ሰው ያልወደደውን ደመ መራራ ብለን እናዝንለታለን፤ ስንናደድ ደማችን ይፈላል፤ ስንፎክር ደም መላሾች ነን። ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀ ግን እምብዛም ነው። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። ደም ቀይ ነው፤ ባይፈስ ይመረጣል። እውቀቴ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

ከዚያ የአክስቴ ደም ብረት አነሰው።

እትዬ አበቡ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የታወቀች ልብስ ሰፊ። የከተማው ሙሽራም የከተማው ሐጂም እኩል ያሰፉባታል። ከጦርነቱ ስደት ከተመለሰች ወዲህ ግን የስፌት መኪናዋ ላይ ግንባሯን ደፍታ ማረፍ አመጣች። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። ጨርቅ የምታሰምርበት ጠመኔም ቶሎ ቶሎ ያልቅባት ጀመር። ያወቀችባት ጎረቤቷ እትዬ ዘሃራ ናት።

“አንቺ፣ ጠመኔውን ትበይዋለሽ እንዴ?”

“ትንሽ ነው እምቀምሰው።”

“ያ ረቢ! ጨርቁ ብቻ ነው የቀረሽ!”

ጠመኔ የሚያምረው ሰው ሐኪም ቤት ይወሰዳል። እትዬ ዘሃራም እጇን ይዛ ደሴ ወሰደቻት።

ለውጥ መጣ ብለን ጨፍረን ላባችን ሳይደርቅ ጦርነት መጣ፤ ጦርነቱም በሐይቅ በኩል ሲሄድም ሲመለስም አልፏል። ያን ሰሞን የመንገዱ ግራና ቀኝ የተቃጠለ ብረት ተጋድሞበት ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ የምርመራውን ወረቀት አይቶ “ደምዎ ብረት አንሶታል” ሲላት አክስቴ መልስ አላጣችም።

“ብረትማ ሞልቶ፣ ዶክተር! የመንገዱን ዳር አላዩትም?”

ሐኪሙ አልሳቀም። ሐኪም የማይስቅበት ቀልድ ያስፈራል። ማህፀኗ ውስጥ ዕጢ አለ፤ ዕጢው በየወሩ ደሟን ያፈሰዋል፤ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። ነገር ግን የደሟ ልክ ስምንት ነጥብ አምስት ነው፤ አሥር ሳይደርስ ቢላ አላነሳም አለ። ቀጠሮዋን ለፋሲካ ሳምንት ረቡዕ ያዘላት። ያ ቀን ካለፈ ተራዋ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም፤ ከጦርነቱ በኋላ የታማሚው ሰልፍ ረዝሟል፤ ዕጢው ደግሞ ሰልፍ አያውቅም። የደሙን መፍሰስ የሚያስታግስ መድኃኒትና የብረት ክኒን ጻፈላት። “ሥጋ ይብሉ፣ ጉበት ይብሉ፣ እንቁላል ይብሉ” ብሎም አሰናበታት።

ይህ የተባለው ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

አሁን “ታዲያ ለታመመ ሰው ጾም ይፈታ የለም ወይ?” ትሉኛላችሁ። ይፈታል። እትዬ አበቡ ግን ስለት ነበረባት። በጦርነቱ ጊዜ ሁለቱ ሴቶች አብረው ወደ አምባሰል ሸሽተው የእትዬ ዘሃራ ወንድም ቤት ተጠጉ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ፍየል አረዱ። እኛ ወሎዎች ሰርጉንም ሐዘኑንም እንካፈላለን፤ የምናርድበት ቢላዋ ብቻ ለየብቻ ነው። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላምና ለአክስቴ ምስር ተቀቀለላት። ያን ምስር እየበላች ተሳለች። ቤቴን ገብቼ የስፌት መኪናዬን ባገኛት፣ የሚመጣውን ሁዳዴ አንዲት ቀን ሳላጓድል እጾማለሁ አለች። ተመለሰች። የቤቷ በር ተገንጥሏል፤ መኪናዋ ግን ቦታዋ ላይ ቆማለች። ዘራፊዎቹ የሚሸከማት አጥተው ይሁን የሚሰፋባት አጥተው፣ እንጃ። ስለቱ ሰመረ።

የነፍስ አባቷ የሐኪሙን ቃል ሰምተው ቤቷ ድረስ መጡ።

“ልጄ፣ በሽተኛ ነሽ። ፈትቼሻለሁ፤ ብዪ።”

“የተሳልኩት ለእርስዎ አይደለም እኮ፣ አባቴ።”

አባ ወደ ጣሪያው አዩ። ከዚያ ተነስተው ሄዱ።

እኔ የተጠራሁት እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ቁርጥራጭ ነገር የሚጽፍ ሰው ለቤተሰቡ ሥራ ፈት ነው፤ ሥራ ፈት ደግሞ የተፈጥሮ አስታማሚ ነው። “ጾሟን እንደ ጾመች ደሟን ሙላላት” ተብዬ ተላክሁ። ስልኬን ይዤ ሄድሁ። ስልኬ ብዙ ነገር ያውቃል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እርም ያሉ ሰዎች በባሕር ማዶ እንዴት እንደሚበሉ ዘርዝሮ ይነግራል፤ የዘረዘራቸውን እህሎች ግማሹን ግን የሐይቅ ገበያ ሰምቷቸውም አያውቅም። ምስር፣ ሽንብራ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ የሚለው ላይ ስደርስ እትዬ አበቡ ሳቀች። “ይህን ለመናገር ነው አዲስ አበባ የተማርኸው?”

ጎረቤቱም ሁሉ ሐኪም ሆነ። አገሬው አንድ የጸና እምነት አለው፤ ደም ቀይ ስለሆነ ቀይ ነገር ሁሉ ደም ነው። ቀይ ሥር መጣ። ቲማቲም መጣ። ቀይ ለስላሳ በጠርሙስ ያመጣም ነበር። የእህል ነጋዴዋ እትዬ ዘሃራ በበኩሏ ቀይ ጤፍ በቁና ሰፍራ ይዛ ገባች።

“ቀይ ጤፍ? የድሃ እህል!” አለች ማኛ የለመደችው አክስቴ።

“ብዪው፤ ደሙ የሀብታም ነው።”

ከሐይቁ ዳር ደግሞ አንድ ዓሣ አስጋሪ መጥቶ ደህና አድርጎ ተከራከራት። ዓሣ አይታለብም፣ በቢላ አይባረክም፤ ውሃ ውስጥ የበቀለ ጎመን ማለት ነው አላት። እትዬ አበቡ ዓሣውን አየችው። ዓሣውም አያት።

“ዓይን ያለው ጎመን በሁዳዴ አልበላም” አለች።

ክኒኑን ሳይቀር መርምራዋለች። የመድኃኒት መደብሩን ልጅ “የጾም ነው?” ብላ ብትጠይቀው፣ “እማማ፣ ብረት እኮ ነው፤ ብረት መች ይፈሰካል?” አላት። ይህ መልስ አረካት። ስልኬ ሎሚ ብረቱን ወደ ደም ያደርሰዋል ስላለ የሎሚውን ወሬ እኔ ለቀቅሁት፤ በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሎሚ ተሸክሞ መጣ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል፤ ጌጡን ሁሉ አንድ ቤት ሲያራግፉት ግን መቀመጫ ያጣል።

ሥርዓታችን እንዲህ ሆነ። እትዬ አበቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። በዘጠኝ ሰዓት ቀይ ጤፍ በምስርና በጎመን፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ይቀርባል። ልክ ማዕዱ ሲነሳ እትዬ ዘሃራ ፔርሙዟን አንጠልጥላ ትመጣለች፤ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት፣ የጠቆረ ሻይ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ሰዓት የሁለቱ ነው። እኔም ክኒኑን በዚያው ሻይ አስውጣታለሁ። ሁለት፣ ሦስት ብርጭቆ ይጠጣል፤ ከተማው ይታማል፤ ብርጭቆው ይታጠባል። አንዲት ቀን አላጓደልንም። ደሟ እንደ ክረምት ወንዝ ሲሞላ ይታየኝ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ደሴ ሄደን ተለካች። ስምንት ነጥብ ሰባት።

ነጥብ ሁለት! ለዚያ ሁሉ ምስር፣ ለዚያ ሁሉ ሎሚ፣ ነጥብ ሁለት። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሐኪሙ ካርዷን ዘግቶ “ጾሙን ይተዉ፤ ካልሆነ ቀጠሮውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ” አለ። እትዬ አበቡ በመኪናው መስኮት ውጭ ውጭውን እያየች ተመለሰች። ሐይቅ ልንገባ ስንል፣ “ከሞትኩ መኪናዋን ለዘሃራ ስጧት፤ መስፋት አትችልም፤ ግን ትጠብቃታለች” አለች። በቀልድ የተናገረችው እንዲመስል ሞክራ ነበር።

ያን ሰሞን ረመዳን ገባ፤ ሁለቱ ጾሞች የተገናኙበት ዓመት ነው። እኔም አንድ ነገር አሰብሁ። አትፍረዱብኝ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ቅልጥም ገዝቼ፣ ቀቅዬ፣ መረቁን ሳትሰማ ሽሮዋ ውስጥ ልጨምረው። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነውና የገዛሁት ከእስላሙ ነው። አክስቴ ገበያ እንደ ወጣች ቀትር ላይ ድስቱን ጣድሁ።

የጾመኛን አፍንጫ ማን ያታልላል? እትዬ ዘሃራ በጓሮ በር ገባች። ክዳኑን ከፈተች። መልሳ ከደነችው።

“ለማን ነው?”

ማማሰያውን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

“በሁዳዴ? ያውም የኛን ሥጋ? ወላሂ፣ ባንድ ድስት ሁለት ኃጢአት ስትቀቅል አንተን አየሁ!”

“ካላወቀች እኮ አይቆጠርባትም።”

“እሷ ላይ አይቆጠርም፤ አንተ ላይ ይቆጠራል። ስማ ወንድሜ፣ ደሟን እሞላለሁ ብለህ ኒያዋን፣ የልቧን ሐሳብ፣ ልትደፋባት ነው? አምባሰል ላይ ሥጋ እፊቷ ተቀምጦ ምስሯን ስትበላ አይቻታለሁ። እኔ እምወዳት እሷን ነው።” ድስቱን በጨርቅ ይዛ አነሳች። “ይህ ለማፍጠሪያ ይሆነናል። ቅልጥም አይጣልም።”

እንዲህ ሆኖ በክፋቴ የተጠቀሙት የእትዬ ዘሃራ ልጆች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ምንም አዲስ ነገር አላደረግንም። ያው ምስር፣ ያው ጎመን፣ ያው ክኒን። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እትዬ ዘሃራ እየጾመች ቀን ሻይ አታፈላም፤ እትዬ አበቡ ደግሞ “ዘሃራ አፏን አስራ እኔ ፊቷ ሻይ አልጠጣም” አለች። ክኒኑን በሎሚ ውሃ መዋጥ ጀመረች። ሻዩ ፀሐይ ጠልቃ፣ ማፍጠሪያው ካለፈ በኋላ ሆነ። ምግቧ ከሆዷ እስኪወርድ ብዙ ሰዓት ያልፋል ማለት ነው። ይህን ያሰበው ሰው አልነበረም፤ መከባበር ነበር፣ ያ ብቻ።

በሕማማት ሳምንት ለመጨረሻ ጊዜ ሄድን። እትዬ ዘሃራም አብራን መጣች። አሥር ነጥብ ሦስት።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። “ፈሰኩ ማለት ነው፤ ጎሽ።”

“ኧረ በጭራሽ!”

“ታዲያ ምን ቀየሩ?”

“ምንም።” ከዚያ ትንሽ አስባ፣ “ሻይ ብቻ ነው። ዘሃራ ጾመኛ ናትና የቀኑን ሻይ ትተነዋል” አለች።

ሐኪሙ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። ሻይም ቡናም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከተጠጣ ብረቱን ይይዘዋል፣ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ይህን ማንም አልነገራችሁም ወይ? አለን። ስልኬ ነግሮኝ ነበር። ዝርዝሩ ረዝሞብኝ መጨረሻውን አላነበብሁትም። ይህን ለእናንተ ብቻ ነው የምናገረው።

እትዬ ዘሃራ ግን ደረቷን ያዘች። “ያ ረቢ! ሃያ ዓመት ሙሉ በፔርሙዝ ስገድላት የኖርኩት እኔ ነኝ?”

“ተይ እባክሽ” አለች አክስቴ፣ “ሻይሽ ይህን ያህል ኃይል የለውም። ቅርንፉድ ትቆጥቢያለሽ።”

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቀጠሮውንም አጸናላት። “ረቡዕ ጠዋት ይመጣሉ። ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም እንዳይቀምሱ።”

እትዬ አበቡ ፊቷ ተለወጠ። “አይሆንም፣ ዶክተር። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን መጾም ክልክል ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላበታል።”

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። እኔን አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

የነፍስ አባቷ እንደገና ተጠሩ። አባ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ።

“ብዪ ስልሽ አልበላም አልሽ። አሁን አትብዪ ስትባይ እበላለሁ ትያለሽ። ልጄ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ የምትጾሚው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ እኛን ለማናደድ?”

እትዬ አበቡ የምር አሰበችበት። “ትንሽ ትንሽ ሁለቱም ሳይኖርበት አይቀርም፣ አባቴ።”

አባ ፈቷት። በዚህኛው ተፈታች።

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በሰላም ገብታ በሰላም ወጥታለች፤ ዛሬ መኪናዋ ላይ ናት። እኔ የማልረሳው የዚያን ረቡዕ ጠዋት ነው። ፋሲካ ነውና ከሐይቅ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር፤ ሰው ሁሉ በልቶ ጠግቦ ያንቀላፋል። እትዬ አበቡ ሆዷ ባዶ ነው። እትዬ ዘሃራ ረመዳኗ ገና አላለቀም፤ ያን ዕለት ደግሞ ጓደኛዬ ሳትበላ ብላ የሌሊቱን የሰሁር ምግቧንም ትታዋለች። ሁለቱ አንድ ነጠላ ለብሰው፣ ተደጋግፈው፣ የሐኪም ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ነርሷ ወረቀት ይዛ ወጣች። “ከማታ ጀምሮ ምንም ያልቀመሰችው የትኛዋ ናት?”

ሁለት እጅ ተነሳ።

ነርሷ ወረቀቱን አየች፤ እጆቹን አየች።

“ያለን አንድ አልጋ ነው” አለች።