የማጅራት ሹም

በየከተማው ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ከተማው ትንሽ ከሆነ ደግሞ አንዱ ለሁሉም ይበቃል። የእንዲህ ያለ ሰው ችግሩ ያልጠየቁትን መመለሱ ነው። ከዚያ የባሰው ችግሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። የተሳሳተ ሰው ቶሎ ምሕረት ያገኛል፤ ልክ የሆነ ሰው ግን ብዙ ይጠብቃል።

የአንኮበሩ እንዲህ ያለ ሰው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወልደተንሣኤ ነበር። አዲስ አበባ ተምሮ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነጭ ጋውን፣ የእጅ ሰዓትና አንድ ትልቅ እውቀት ይዞ መጣ። እውቀቱም የሰው ትንፋሽ የሚታዘዘው ከሳንባ ሳይሆን ከማጅራት መሆኑ ነው።

«አንጎል ከማጅራት ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንድ ሹም ተቀምጧል» ይላል። «ብትተኛም፣ ብትሰክርም፣ ብትረሳውም እሱ አይረሳህም። ደምህ ውስጥ የተቃጠለ አየር በዛ አልበዛ እያለ ይጠብቃል፤ ሲበዛበት ‹ተንፍስ› ብሎ በነርቭ ትእዛዝ ይልካል።» ሕዝቡም ሳይውል ሳያድር ማዕረግ ሰጠው፤ ክቡር የማጅራት ሹም።

ጎረቤቱ አልታየች ስቅ ባላት ቁጥር ይህን ክቡር ሰው ትሸሸው ነበር። ስቅ ሲል «ማን አነሳኝ?» ብሎ የዘመድ ስም መጥራት የነበረ ነው፤ ያነሳው ሰው ስም ሲጠራ ስቅታው ይተዋል። አልታየች ደብረ ብርሃን ያለውን ወንድሟን ብርሃነ መስቀልን ልትጠራ አፏን ስትከፍት፣ ወልደተንሣኤ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ይላል። «ማንም አላነሳሽም፤ ከአንገት ወርዶ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ የሚያዘው ነርቭ ተቆጥቶ ነው።» ወንድሜ አነሳኝ ብላ ማመን ደስ ይላት ነበር። ያቺን ታህል ደስታ እንኳ አልተዋላትም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ እውቀት ለአጥቢያ ዳኛው አካፈላቸው። ዳኛው «እኔ ሳላዝማ እንዴት ይሆናል?» ብለው ትንፋሻቸውን ራሳቸው መምራት ጀመሩ። አስገቡ፣ አስወጡ፣ እንደገና አስገቡ። ክስ እየሰሙ ተነፈሱ፤ ፍርድ እየሰጡ ቆጠሩ። እንቅልፍ ቢወስዳቸው ማን ይተነፍስላቸዋል? ሦስት ቀን ዓይናቸውን ሳይከድኑ ቆዩ፤ ሚስታቸውም ሦስቱንም ቀን ወልደተንሣኤን ስትረግም ዋለች።

ደግሞ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስታለቅስ ትንፋሿን ይዛ ፊቷን እያጠቆረች የፈለገችውን ሁሉ የምታስደርግ። ወልደተንሣኤ «ተዉአት» አለ። «መያዝ ትችላለች፤ ይዛ መቅረት ግን አትችልም። ራሷን ስትስት ሹሙ ይረከባታል።» ተዉአት። ወደቀች፤ ወዲያው ተነፈሰች፤ ከዚያ ወዲያም ያንን ነገር አልደገመችም። እናትየዋ ግን ዓመት ሙሉ ሰላም አላለችውም። በማዕረጉ ከሳቁበት ሰዎች አንዷ ደግሞ ጎረቤቱ አልታየች ነበረች፤ ዛሬ ያ ሳቅ ትዝ ሲላት ታፍራለች።

በአምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አባቷ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ታመው አልጋ ያዙ። ብርሃነ መስቀል የዜማ ትምህርቱን ጥሎ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሲገባ «ደጄን እንዳይረግጥ» ብለው ነበር፤ አባትና ልጅ ከተያዩ አራት ዓመት ሆኗል። ሐሙስ ዕለት በደከመ ድምፅ «ጥሩልኝ፤ ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ። «እጄን ራሱ ላይ ሳላደርግ እንዳልሞት።» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልታየች ሌላ ጉዳይ አልነበራትም።

ዓርብ ጠዋት የመሪጌታ ትንፋሽ ቆመ። ሴቶቹ እሪ አሉ፤ አንዷ አገጫቸውን ልታስርበት ጨርቅ ቀደደች። ይሄኔ መሪጌታ ረዥም ትንፋሽ ሳቡ፤ ጨርቅ የያዘችው ሴት ወደ ኋላዋ ተቀመጠች። ወልደተንሣኤ ተጠርቶ መጣና ሰዓቱን እያየ ቆጠረ። ትንፋሹ በቀስታ ይጀምራል፣ እየበረታ ይሄዳል፣ መልሶ እየሳሳ ይቆማል፤ ሠላሳ ያህል ከተቆጠረ በኋላ እንደገና ይነሣል።

«አልሞቱም» አለ። «ሹሙ ደክሞ ነው። የተቃጠለው አየር በጣም እስኪጠራቀም አይሰማም፤ ሲሰማ ደንግጦ ይቸኩላል፤ ከዚያ ደግሞ ያንቀላፋል። ሁለት ቀን ቢቆዩ ነው። እስከዚያ ጆሯቸው ይሰማል፤ አነጋግሯቸው።» ከዚያም ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «ለብርሃነ መስቀል እኔ ልጻፍለት። ‹አባትህ በሕይወት አሉ፤ ሊሞቱ ነው፤ ዛሬውኑ ተነሥ› ብዬ።»

የአልታየች ደም ፈላ። «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ሊሞቱ ነው ተብሎ ይጻፋል? ሟርት ነው።»

«እውነቱ እሱ ነው፣ አልታየች።»

«እውነትህን እዚያው ጤና ጣቢያህ።»

መልእክቱን የወሰደው ለቅዳሜ ገበያ ወደ ደብረ ብርሃን በርበሬ የሚጭነው የአልዩ አምባው ነጋዴ ዓወል ነበር። «አባባ ትንሽ አሟቸዋል፤ ና ብላሃለች በለው» አለችው። «ኢንሻአላህ፣ ነገ ጠዋት ይሰማል» ብሎ በቅሎዎቹን ነዳ። በር ላይ የቆመው ወልደተንሣኤ «ትንሽ አሟቸዋል የሚባለው እኮ ለሞተ ሰው ነው» አለ።

ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ ሸዋ በሙሉ ያውቃል። መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሩቅ ያለ ዘመድ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ይጠራና ነገሩን ራሱ ይረዳዋል። አልታየች ግን አባቷ በእርግጥ ታመዋልና እውነት የተናገረች መሰላት። ወንድሟ ቅዳሜ ጠዋት ሰምቶ ወዲያው ቢነሣ ለማታ እንደሚደርስም አሰላች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ትንፋሹ ቆሞ ከተመለሰ በኋላ፣ መሪጌታ ዓይናቸውን ገልጠው «መጣ?» አሉ። አልጋው አጠገብ የነበሩት አልታየችና ወልደተንሣኤ ብቻ ናቸው። «እየመጣ ነው፣ አባባ» አለቻቸው። እሑድ ጠዋት ደግመው «መጣ?» አሉ። ከዚያ ትንፋሻቸው ቆመ። ወልደተንሣኤ ሠላሳ ቆጠረ፤ ስድሳ ቆጠረ፤ መቶ ሲሞላ እጁን ከእጃቸው ላይ አነሣ። ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ።

ሰኞ ቀትር ላይ ብርሃነ መስቀል በጭነት መኪና አሥራ አራት ለቀስተኛ አስከትሎ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ደረቱን እየመታ ደረሰ። ለቅሶው ጋብ ሲል ከእህቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«መቼ አረፉ?» አላት።

«ትናንት ጠዋት።»

ያልሰማ መስሏት ልትደግምለት ነበር። እሱ ግን ሰምቷል። «ዓወል የነገረኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ትንሽ አሟቸዋል ሲለኝ ገባኝ። ማን ደግሞ ይጠይቃል? ተላጨሁ፤ ሰፈሩ መጥቶ አስተዛዘነኝ። ተቀብረዋል፣ ብቸኩል ምን አደርጋለሁ ብዬ ጓደኞቼ ፈቃድ እስኪያገኙ፣ መኪና እስኪገኝ ፍራሽ ላይ ተቀመጥሁ።» መዳፎቹን አያቸው። «አባባ እየተነፈሱ ነው እኔ ያለቀስሁላቸው።»

ብርሃነ መስቀል ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው ድሬሰር ዞረ። «ሐኪም፣ አጠገባቸው ነበርህ አሉ። ይጠብቁኝ ነበር?»

አልታየች አንገቷን ደፋች። ሰውየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልክ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማው ይህን ሊቀበልለት ተዘጋጅቷል። መናገር ብቻ ነበር የቀረው።

«አይ» አለ ወልደተንሣኤ። «ከዓርብ ወዲህ አእምሯቸው አልነበረም። የቀረው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የማጅራት ሥራ ነው፤ ባለቤቱን አይጠይቅም። ብትደርስም አያውቁህም ነበር። ይቅር ያሉህ ሐሙስ ነው፤ ያን ጊዜ ልባቸው ሙሉ ነበር።»

የብርሃነ መስቀል ትከሻ ዝቅ አለ። «እሱስ ይሻላል» አለ።

አልታየች ቀና ብላ ድሬሰሩን አየችው። የሰው ስሕተት ሰምቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው፣ በለቅሶ ቤት ሙሉ ሰው ፊት፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ተናግሮ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ወደደችው። ዓርብ ዕለት ያንን ወረቀት እንዲጽፍ ብትተወው ኖሮ ይህን ውሸት ባልተሸከመ ነበር፤ ጸጸቱ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ወንድሟ ወደ እሷ ዞሮ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን ጠበቃት።

«እውነቱን ነው» አለች። «እኔም አጠገባቸው ነበርሁ። ምንም አላሉም።»