ሰማይን ለጥገና ያመጡልኝ ቀን

ትናንት ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ ያየሁትን ሕልም ሳልናገር ብውል እፈነዳለሁ። እኔ ድሬዳዋ ፍሪጅ እጠግናለሁ። በሕልሜ ግን ፍሪጆቹ በራቸውን ከፍተው ዛፍ ጥላ ሥር ይዝናናሉ፤ ሰዎች ደግሞ የጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ታሽገዋል። ባለቤቴ ዘምዘምም ታሽጋለች። ሲሊንደሯን አንኳኳሁ።

"ምን አድርገሽ ነው?"

"እኔ እንጃ፣ ታግደሻል አሉኝ። ቶሎ አስወጣኝ፣ ሽሮው ሊያርርብኝ ነው።"

ወደ ቢሮው በረርኩ። ኃላፊው አቶ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ የሚሞላው፣ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ የሚጋርደንን ኦዞን ይበላል ተብሎ የታገደው አር-12 የሚሉት ጋዝ ማለት ነው። ከረባት አስረዋል። ከከረባቱ በቀር የሚታይ ነገር የላቸውም።

"ትሸታለህ?" አሉኝ።

"ሲሞቅ እሸታለሁ፣ ጌታዬ።"

"ትቃጠላለህ?"

"እሳት ካገኘኝ፣ አዎ።"

"አየር ላይ ስንት ዓመት ትቆያለህ?"

"ብዘልም ወዲያው ነው የምወርደው።"

"እኔ አልሸት፣ አልቃጠል፣ መቶ ዓመት እቆያለሁ። ይህን ጠባይ ይዤ ታገድኩ። ለአንተስ ማን ፈቀደልህ?"

ደግነቱ ሰማይን በጋሪ ጭነው አመጡት። መሃሉ ተቀዶ ፀሐይ እንደልቧ ትገባበታለች።

"ይህን ድፈን፣ ሚስትህን እንለቃታለን" አሉኝ ኃላፊው።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስንት ዘመን ፍሪጅ ስጠግን ማን ዞር ብሎ አይቶኝ ያውቃል? አሁን ሰማይ መጣልኝ። የሳሙና አረፋ ቀባሁት፤ አረፋው ፊኛ ሠርቶ የሚያፈስ መሆኑን ያሳየኝን ቦታ ሁሉ እየተከተልኩ በየድኩት። ከዚራ ሰፈር በሙሉ አጨበጨበልኝ። የዘምዘም ሲሊንደር ክዳን መዞር ጀመረ፤ እጇ ብቅ አለ።

ታዲያ እኛ ጠጋኞች ከበየድን በኋላ ቱቦውን በጋዝ ነፍተን ሳናጸዳ ሥራ አለቀ አንልም። እጄ አላስቻለውም። አቶ አሥራ ሁለትን ከረባታቸውን ይዤ ወደ ሰማዩ ለቀቅኳቸው። ፊሽሽ ብለው ወጡ። ቀዳዳው ከበፊቱ ሰፍቶ ተተረተረ፣ የዘምዘምም ክዳን ተመልሶ መጠምዘዝ ያዘ።

"ምን አደረግክ?" አለች ከውስጥ።

"አጸዳሁት እኮ" አልኩና ነቃሁ።

ዘምዘም አጠገቤ ቆማለች። ከመተኛቴ በፊት፣ አዲስ ጋዝ ልሞላበት ብዬ ለጥገና የመጣልኝን የአንድ ሥጋ ቤት አሮጌ ፍሪጅ ቫልቭ ገርበብ አድርጌ ያንኑ የታገደውን ጋዝ ለአየር ለቅቄው ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ተነሳ እንጂ" አለችኝ። "ይሄኛው ፉጨቱን ጨርሷል። የሚቀጥለውንም ፍሪጅ ልክፈተው?"