ሊቀ ፊልም ጌታነህ እና አሮጊቷ ካሜራ

አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ይቻላል። ቢበዛ ሳምንት ያሳየናል፣ ሳምንት ያወራናል፤ ከዚያ ዕቃው ይቧጨርና ሁላችንም እናርፋለን። አሮጌ ዕቃ የገዛ ሰው ግን መድኃኒት የለውም። ዕቃው አስቀድሞ ተቧጭሯል፣ ተሰብሯል፣ ተጠግኗል፤ ከእንግዲህ የሚያረጅበት ነገር ስለሌለ ወሬውም አያረጅም። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። አንዱ አገር ሬዲዮ የገዛ ይደርሰዋል፣ አንዱ አገር የኪስ ሰዓት የገዛ። ለንፋስ መውጫ ካሜራ የገዛ ደረሳት። የከተማው ሰው «ሊቀ ፊልም ጌታነህ» ይለዋል። ማንጠግቦሽ ሚስቱ ስለሆነች ስም ማውጣት አላስፈለጋትም፤ እሷ ዝም ብላ ታየዋለች።

ጌታነህ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው። አንድ ቀን ጎማ ላምጣ ብሎ ወደ መካነ ኢየሱስ ሄደ። ጎማውን ረስቶ፣ ካሜራ በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ሕፃን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ተመለሰ። ካሜራዋን ያገኛት ወይዘሮ ርብቃ ከሚባሉ፣ አባታቸው በሕይወት ሳሉ ፎቶ አንሺ ከነበሩ ሴት ቤት ነው። ወይዘሮ ርብቃ ድመት እንዳይከፍተው ብለው የወተት ዕቃ ክዳን ላይ ጭነዋት ነበር። ጌታነህ ዋጋዋን ከመጠየቁ በፊት አነሣት፣ አቧራዋን በእጅጌው ጠረገ፣ ሳማት፤ ከዚያ «ይቺ እኮ ነፍስ አላት!» አለ። እየሳመ የሚገዛ ሰው እንዴት እንደሚገዛ ማንጠግቦሽ ስለምታውቅ በስንት እንደገዛት እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም።

ካሜራዋ ከባልና ሚስቱ ዕድሜ የምትበልጥ የሩሲያ ሥሪት ናት። ባትሪ አታውቅም፣ ፊልም ትበላለች፣ የቆዳ ልብስ አላት። ጥጓ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ሲያዩ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል። ቀለበቷን ቀስ እያደረጉ ሲያዞሩ ሁለቱ ሰዎች እየተጠጉ ይሄዱና አንድ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ምስሉ ጠራ ማለት ነው። ጌታነህ ይህን ምሥጢር ለሚስቱ ሲያስረዳ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ፣ መልሶ አንድ ለማድረግ ከሆነ፣» አለችው ማንጠግቦሽ፣ «ድሮውን ምን አስነካው?»

ፊልሙ ከአዲስ አበባ በሹፌር እጅ ይመጣል፤ ሲያልቅም ሊታጠብ በሹፌር እጅ ይሄዳል። እንዳይሞቅ ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ንፋስ መውጫ! ሰው በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርቦ በሚሄድበት ከተማ፣ ፊልም ይሞቅብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ከአንድ ቤት ወጣ፤ ያም ቤት የማንጠግቦሽ ሆነ። እሱ ብርሃን ሲጠብቅ እሷ ሱቅ ትጠብቃለች። ዛሬ የባጃጅ ኩሽኔታ በድምፁ ትለያለች።

ብርሃን መጠበቁን በተመለከተ ክንዱን መጠየቅ ነው። ክንዱ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ገበሬ ነው። ታኅሣሥ ላይ አውድማው ላይ ገብስ ሲያዘራ ሊቀ ፊልም ደረሱበት። ነፋሱ እንደተመኙት ነበር። ክንዱ በመንሹ አንሥቶ ሊበትን ሲል፣ «ቆይ! እንዳትነቃነቅ፣ ብርሃኑ አልመጣም!» ተባለ። ክንዱ ጨዋ ሰው ነው፤ መንሹን ወደ ሰማይ እንዳነሣ ቆመ። ጌታነህ ብርሃን ለካ፣ ቀለበት አዞረ፣ ተንበረከከ፣ ተነሣ፣ አንዲት ደመና ገላመጠ። ብርሃኑ ሲመጣ ነፋሱ ሄደ። እስከ ማታ አልተመለሰም።

«እስቲ እንግዲህ አሳየኝ» አለ ክንዱ፣ ክንዱን እያሻሸ።

«አሁን አይታይም። ይመጣል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ፊልሙ ሲያልቅ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ታጥቦ፣ ይመጣል።»

«ዳግም ምጽአትም ይመጣል ይላሉ» አለና ክንዱ ጭዱ ላይ ተቀመጠ።

ከሱቁ መንገድ ማዶ ፎቶ ቤት ያለው ዳንኤል ሰውን በስልኩ ያነሣል፣ ቆዳውን ያቀላል፣ ከኋላው ፏፏቴ ይጨምርለታል፣ ይልክለታል፤ ይህ ሁሉ ጌታነህ አንድ ቀለበት አዙሮ ሳይጨርስ ነው። «እሱ ፎቶ አይደለም፣ ጭስ ነው» ይላል ጌታነህ። «አሁን ታየ፣ አሁን ጠፋ።» የራሱ ፎቶዎች እንደማይጠፉ እውነት ነው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በጥቁርና ነጭ ተደርድረዋል፤ በሁሉም ላይ የንፋስ መውጫ ሰው የተቆጣ ይመስላል። ተቆጥቶም ነው፤ ሲጠብቅ ነው የዋለው።

ማንጠግቦሽ በዚህ ሰው ስትስቅ ዕድሜዋን በደስታ ትጨርስ ነበር፣ የአባቷ ነገር ባይመጣ። አባቷ መሪጌታ ወልደማርያም ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ እልፍ ብሎ ባለ ደብር፣ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ የኔታ ናቸው። እናቷ ካረፉ በኋላ ጉባኤያቸውን ለተማሪያቸው አስረክበው ሊመነኩሱ ቆረጡ። ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን ሊሰናበቱ መጡ። የመነኮሰ ሰው ለዓለም ሞቷል፤ በቁሙ ፍትሐት ይደርስለታል፣ ስሙ ይለወጣል። «ከቆቡ በኋላ ምስል የሚባል ነገር የለም» አሉ የኔታ። ከቆቡ በፊትም አልነበረም። ያለው የመታወቂያቸው ጉርድ ፎቶ ነው፤ እሱም ላይ ማኅተሙ አርፎ ዓይናቸውን ወስዶታል።

ማንጠግቦሽ ስልኳን አወጣች።

«አባ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ።»

«እዚያ ውስጥ ዘፈን አለ?»

«አለ፣ ግን...»

«ስድብስ?»

«እሱም አለ።»

«እንግዲያ ለእኔ ቦታ የለም። ዘመኔን ሁሉ ስሸሸው ከኖርሁት ነገር ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ልትዘጊብኝ ነው?» አሉ። ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ዐረፈ። «ያችስ? እሷ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም የለም፣ የኔታ» አለ ጌታነህ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ፊልም ብቻ። አታወራ፣ አትዘፍን።»

«እሷ ትሻላለች።»

ማንጠግቦሽ አባቷን አየች፣ ባሏን አየች፣ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ካሜራዋ ቤት ከገባች ጀምሮ ከአፏ ወጥቶ የማያውቀውን ቃል ለባሏ ተናገረች፤ «እባክህ» አለችው። እውነትም ለምናው ነበር። የእናቷ ፊት ከዓይኗ እየራቀ ነው፤ አንዳንድ ቀን አፍንጫቸውን ታስታውሳለች፣ አገጫቸው አይመጣላትም። የአባቷም እንዲህ እንዳይሆንባት ፈርታለች።

በማግስቱ ጠዋት የኔታ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጌታነህ ያን ቀን መለዋወጫ ሻጭ አልነበረም፤ ጳጳስ ነበር። «አገጭዎን ትንሽ ዝቅ፣ የኔታ። ብርሃኑ አልመጣም። አሁን መጣ። እንዳይነቃነቁ!» ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆመው የሚያድሩ ሰው ይህ አልከበዳቸውም፤ ቅንድባቸው እንኳ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጡ። ካሜራዋ ቀጭ አለች፣ ደግማ ቀጭ አለች። ጌታነህ ለማንም ያላደረገውን አደረገ፣ ፊልሙን በሞላ በአንድ ሰው ጨረሰው። ለአንዲት ፎቶ የምትበቃ ብቻ እንደ ልማዱ ለክፉ ቀን አስቀረ። ማንጠግቦሽ ደጃፉ ላይ ቆማ በዚያ ቀጭታ ሁሉ ልቧ ሲያርፍ ተሰማት።

የኔታ ቤቱን ባርከው፣ የልጃቸውን ግንባር ስመው ወጡ፤ ጎረቤት መናኸሪያ ድረስ ሊሸኛቸው ተከተለ። ማንጠግቦሽ የበሶውን ስንቅ ቋጥራ ልትደርስባቸው ወደ ኋላ ቀረች። ጌታነህ ግቢው ውስጥ ይዞራል።

«የሌንሷን ክዳን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

ወንበሩን ገለበጠ። ኪሶቹን ወደ ውጭ አወጣ። ዶሮዎቹን አስነሥቶ የተኙበትን ዳበሰ። «እዚህ ነበረ እኮ፣ አሁን በእጄ...» እያለ አጥር ሥር ሲያጎነብስ፣ አንገቱ ላይ ያለችው ካሜራ ዞረችና ከማንጠግቦሽ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ።

«ጌታነህ።»

«ቆይ፣ ላግኘው...»

«ጌታነህ፣ አፏ ላይ ነው።»

የዚች ካሜራ ጠባይ ይህ ነው። አንሺው የሚያየው በጥጓ መስኮት፣ ፊልሙ የሚያየው በሌንሷ ነው። ሌንሷ ተሸፍኖ መስኮቷ ሁሉን ወለል አድርጋ ታሳያለች። የኔታ ጠዋቱን ሙሉ አምረው የተቀመጡት ለክዳኑ ነበር።

ማንጠግቦሽ ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን ንግግር ስታጠራቅም ወራት አልፈዋል። አንድም አልወጣላትም። አባቷ የተነሡበት ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ልረሳቸው ነው» አለች፤ «እንደ እማዬ ልረሳቸው ነው።»

ጌታነህ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የሮጠው ለሠርጋቸው መኪና ነው ይባላል፤ ያኔም አልደረሰባትም። ማንጠግቦሽ ስንቁን አንሥታ ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለችው።

መናኸሪያ ስትደርስ አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ሊቀ ፊልም ጌታነህ እጆቹን ዘርግቶ ፊቱ ቆሟል። ሹፌሩ ጡሩምባውን ተጫነ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ፣ «ምን ሆንህ አንተ ሰው! መሞት ከፈለግህ ሌላ መኪና የለም?» ይላል። የሸኙት ጎረቤቶች አፋቸውን ይዘዋል። አባቷ በሦስተኛው መስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ምን ሆነ ልጄ?»

ሰው በዚህ ጊዜ ይዋሻል። «አንድ ልጨምር ብዬ ነው» ይላል፣ «ለበረከት» ይላል። ጌታነህ ግን ዳንኤል ከሸኚዎቹ መካከል ሆኖ እያየው፣ ክንዱ ገበያ ወጥቶ ከነአህያው ቆሞ እየሰማው፣ በጮኸ ድምፅ ተናገረ፦

«የኔታ፣ ክዳኑን አላነሣሁትም! አንድም አልወጣ! ጠዋት ሙሉ ያነሣሁት ጨለማ ነው!»

የኔታ አማቻቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ላቡን፣ የተገለበጡ ኪሶቹን፣ ፀጉሩ ላይ የቀረችውን የዶሮ ላባ።

«ታዲያ» አሉ፣ «ያን ሁሉ ሰዓት አገጭህን ዝቅ አድርግ ስትለው የነበረው ማንን ነው?»

መልስ አልጠበቁም። ሳቁ ቀደማቸው። መጀመሪያ በአፍንጫቸው አፈኑት፤ እምቢ ሲላቸው እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፣ ጥምጥማቸው ወደ ጆሯቸው አዘነበለ፣ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ማንጠግቦሽ እናቷ ከተቀበሩ ወዲህ ይህን ሳቅ አልሰማችም። መኖሩንም ረስታው ነበር። ጌታነህ ክዳኑን በጥርሱ ነቅሎ እንደነከሰው፣ ብርሃን ሳይለካ፣ ቀለበት ሳያዞር፣ የቀረችውን አንዷን ተኮሰ። ከዚያ ሹፌሩ ፍሬኑን ለቀቀ፤ ስንቁን ማንጠግቦሽ በሩጫ በመስኮቱ አቀበለች።

ክረምቱ እንደዚያ ዓመት ረዝሞባት አያውቅም። ፊልሙ አዲስ አበባ ሄዷል። ሱቅ ለሚገባ ሹፌር ሁሉ ከሰላምታ በፊት «አልመጣም?» ትላለች። ጌታነህ ደግሞ «ምናልባት ያቺም አልያዘች ይሆናል» እያለ ተስፋዋን በትጋት ይቀንስላታል። የኔታ ቆብ ደፉ፣ ስማቸውም ተለወጠ የሚለው ወሬ ከፎቶው ቀድሞ ደረሰ። ማንጠግቦሽ ያን ቀን ሱቁን ዘግታ ዋለች።

ፖስታው የደረሰው መስከረም ላይ ነው። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው፤ መጨረሻው ላይ አንዲት ምስል አለች፤ የታተመችውም እሷ ብቻ ናት። ጌታነህ ወደ ብርሃን ይዟት ወጣና ፊቱ ጠቆረ። «ትኩረቷ ሸሽቷል። ብርሃን በዝቶባታል። ጥምጥሙ ተቆርጧል፣ ይሄ ደግሞ የረዳቱ ክርን ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ፎቶ አይደለችም።»

ዳንኤል መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ስጡኝ፣ በስልክ አነሣትና ክርኑን አጠፋዋለሁ፣ ፊታቸውንም አጠራዋለሁ።»

«ብትነካት!» አለች ማንጠግቦሽ። ፎቶዋን ከባሏ እጅ ወሰደቻት። ደብዘዝ ያሉ አንድ ሽማግሌ ሰው፣ እጃቸው አፋቸው ላይ ሳይደርስ፣ ጥርሳቸው ተቆጥሮ እስኪያልቅ ይስቃሉ። እንዲህ ሆነው እናቷ አጠገብ ሲቀመጡ ታውቃቸዋለች። ያን ጠዋት ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን መሪጌታ ደብሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እኚህ ግን የቤት ናቸው።

ዛሬ ፎቶዋ ሳሎኑ ውስጥ በተቆጡ ሰዎች መካከል ተሰቅላለች። እንግዳ ሲመጣ ክርኑን አይቶ ማን እንዳነሣት ይጠይቃል። ጌታነህ ስለ ትኩረቱ ማስተባበያ ሊጀምር አፉን ሲከፍት ማንጠግቦሽ ትቀድመዋለች።

«ባሌ ነው» ትላለች። «ብልህ ሰው ቢሆንማ ኖሮ ጠዋቱኑ ክዳኑን ያነሣ ነበር። ተመስገን ነው፣ ብልህ አላገባሁም።»